ማን ለማን ይለጠጥ? ስለ ጂንስ ሱሪ ይዘትና ቅርጽ

የይዘትና የቅርጽ ጥያቄ በሥነ ጽሑፍና በተውኔት፣ በሥዕልና በሙዚቃ መስክ ብዙ ወረቀት የፈጀ፣ ብዙ ወዳጆችንም ያኳረፈ ጥያቄ መሆኑ የታወቀ ነው። አንዱ ወገን ይዘቱ ከተስተካከለ ቅርጹ ራሱ ተከትሎ ይመጣል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ቅርጽ የሌለው ይዘት ዕቃ እንዳጣ ውሃ ፈስሶ ይቀራል ሲል ይመልሳል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጽሐፍና በመድረክ ዙሪያ የሚካሄድ በመሆኑ፣ ተከራካሪዎቹ ለብሰውት የተቀመጡትን ነገር ጎንበስ ብለው የሚመለከቱበት አጋጣሚ እምብዛም አይገኝም። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ ጂንስ ሱሪ ለብሶ እንደሚገኝ ግን ያለ ብዙ ድፍረት መገመት ይቻላል።

ሱሪ ለፍልስፍና የማይመጥን ርእስ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ከወገቡ ውስጥ በተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ላይ «98 በመቶ ጥጥ፣ 2 በመቶ ኤላስቴን» ተብሎ የሚጻፈው ሌላ ሳይሆን የይዘት መግለጫ ነው። በመስታወት ፊት ቆሞ፣ ጎንን እየዘወሩ የሚታየው ደግሞ ቅርጽ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው የሰው ገላ ነው፤ ጥያቄውም የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው። ሰውና ልብሱ ያልተስማሙ እንደሆነ ማን ለማን ይለጠጥ? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ልብስ ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለልብስ አልተሠራም ማለት ይቻላል። የጂንስ ሱሪ ታሪክ ግን ይህ ቀላል መልስ ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ እንዳልዋለ ያሳያል።

ሲጀመር ነገሩ ስለ መልክ አልነበረም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሪጋ ፈልሶ በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት በሬኖ ከተማ ይሠራ የነበረ ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ሴት ለእንጨት ፈላጭ ባሏ ቶሎ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት በጠየቀችው ጊዜ፣ የኪሱን ማዕዘኖች በመዳብ ሪቬት ቸነከራቸው። ሱሪው በሠራተኞች ዘንድ ተወደደ። ዴቪስም ጨርቅ ይገዛው ከነበረ፣ በባቫሪያ ከተወለደ የሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴ ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ተሻርኮ በሜይ 20 ቀን 1873 ቁጥር 139,121 የሆነውን የፈጠራ መብት አገኘ። በዚህ ሰነድ ውስጥ ስለ ውበት የተጻፈ ነገር ለሚፈልግ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። የተጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሱሪው የሚቀደደው የት ላይ ነው? መሣሪያውን ኪሱ ውስጥ የሚከት ሰው ኪሱ እንዳይገነጠልበት ይፈልጋል። ወገቡ ቢሰፋ በማንገቻ ይያዛል፤ እግሩ ቢረዝም ይታጠፋል። ሠራተኛው በሱሪው ውስጥ ይኖራል እንጂ ከሱሪው ጋር አይጣበቅም።

ዴኒም የተባለው የጂንስ ጨርቅ አሠራሩ ለሸማኔ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ድርና ማግ አለው። ድሩ በኢንዲጎ የተነከረ ሰማያዊ ክር ሲሆን ማጉ ሳይነከር ነጭ ሆኖ ይቀራል። በተለመደው አሸማመን ማጉ በሦስት ድር ሥር እያለፈ በአንዱ ላይ ስለሚወጣ፣ የጨርቁ ፊት ሰማያዊ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ይሆናል፤ ላዩም ላይ ሰያፍ መሥመር ይታያል። ኢንዲጎ የክሩን ዙሪያ ያለብሰዋል እንጂ ልቡ ድረስ አይዘልቅም። ከዚህ የተነሣ ጨርቁ በሚታሽበት ቦታ ሁሉ፣ በጉልበት፣ በጭን መታጠፊያ፣ በኪስ አፍ፣ ቀለሙ እየተላጠ ነጩ የክር ልብ ብቅ ይላል። መቶ በመቶ ጥጥ የሆነና ክብደቱ 14 አውንስ የሚባል፣ ማለትም በካሬ ሜትር 475 ግራም ያህል የሚመዝን ጨርቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ እንደ ሰሌን የደረቀ ነው። ለብሶ ለሚታገሠው ሰው ግን ከወራት በኋላ የዚያን ሰው አቀማመጥና አረማመድ ይዞ ይገኛል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሱሪ በአንድ ቀን ገዝተው በዓመቱ ቢያወዳድሩ፣ አንደኛው ብዙ እንደሚቀመጥ፣ ሌላኛው ብዙ እንደሚንበረከክ ከጨርቁ ላይ ማንበብ ይቻላል።

ደረቁን ጂንስ የሚያወድሱ ሰዎች ክርክራቸውን የሚያቆሙት በዚህ ላይ ነው። የማይለጠጥ ጨርቅ እውነተኛ ነው ይላሉ፤ አይዋሽም፣ አያባብልም፤ ወገቡ ካልገባ አልገባም። የጀርመኑ ጸሐፊ ኡልሪኽ ፕሌንትስዶርፍ በ1972 በሃለ ከተማ ለመድረክ ባበቃው «የወጣቱ ቬ አዲሱ ሥቃይ» በተሰኘው ተውኔት፣ ኤድጋር ቪቦ የተባለው ዋና ገጸ ባሕርይ እውነተኛውን ጂንስ ከማስመሰያው ለይቶ የሚያይ፣ በዚህም ልዩነት ላይ የአኗኗሩን አቋም የሚያሳርፍ ወጣት ነው። ተመልካች በሱሪ ስም የቀረበው ክርክር ስለ ሱሪ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት አልተቸገረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ይግባና፣ አንድ ጨርቅ በተውኔት ውስጥ የሐቀኝነት ምልክት ሆኖ ሊቆም መቻሉ ለተውኔት ጸሐፊዎች የሚያስቀና ነው።

ነገር ግን ደረቁ ጨርቅ ከሰው ምን ሲጠይቅ እንደኖረም መታየት አለበት። ሳንፎርድ ክሉዌት የተባለው አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መባቻ ጨርቅን ከመሰፋቱ በፊት አስቀድሞ የሚያኮማትር ዘዴ እስኪያወጣ ድረስ፣ ጂንስ ሱሪ በታጠበ ጊዜ ከመቶ እስከ ዐሥር እጅ ሊሰበሰብ ይችል ነበር። ዘዴው ከወጣም በኋላ ያልተኮማተረውን ጨርቅ የሚመርጡ፣ ሱሪውን እንደ ለበሱ በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፈው በገላቸው ላይ እንዲደርቅ የሚያደርጉ ሰዎች አልጠፉም። ጠባብ ጂንስ በገነነበት በ1970ዎቹ ደግሞ አልጋ ላይ በጀርባ ተንጋሎ፣ ትንፋሽን ውጦ ዚፕ መዝጋት የተለመደ ነገር ሆነ። ለእንጨት ፈላጭ ድካም ማቃለያ የተሰፋው ሱሪ በመቶ ዓመቱ ለባሹን አስተኝቶ የሚያስጨንቅ ዕቃ ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔው የተገኘው ከኬሚስት ጠረጴዛ ነው። ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ተመራማሪ፣ በሴቶች የውስጥ ልብስ ውስጥ ይገባ የነበረውን ላስቲክ የሚተካ ነገር ሲፈልግ ቆይቶ፣ በ1958 ኤላስቴን የተባለውን ክር ለውጤት አበቃ። ስፓንዴክስና ላይክራ እየተባለ የሚጠራውም ይኸው ነው። ከተፈጥሮ ርዝመቱ አምስት እጥፍ ያህል ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በጂንስ ውስጥ ለብቻው አይታይም፤ በክሩ መካከል እንደ ልብ ተቀምጦ ጥጡ በዙሪያው ይጠመጠምበታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባውም በድሩ ሳይሆን በማጉ ነው። («ድር ቢያብር» የሚለው ተረት ማግን ሳይጠቅስ ማለፉ በዚህ ረገድ ትንሽ ያስቆጫል።) ስለዚህ ጨርቁ ወደ ጎን ይለጠጣል እንጂ ወደ ታች አይረዝምም። የሰው ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ ቆዳው ወርዱ ከሚሰፋው ይልቅ ቁመቱ ይበልጥ ይረዝማል። ኤላስቴን ያለበት ሱሪም ቢሆን ጉልበቱና መቀመጫው በአቆራረጡ ቦታ ካልተተወለት ሲቀመጡ ወገቡ ከኋላ ወደ ታች የሚሳበው በዚህ ምክንያት ነው። ይዘት የቱንም ያህል ቢሻሻል የልብስ ሰፊውን መቀስ ተክቶ አይሠራም።

በዚያው በ1958 በአሜሪካ ሌላም ነገር ተደርጎ ነበር። መንግሥት ለፋብሪካዎች መመሪያ የሚሆን የሴቶች ልብስ መጠን መለኪያ አወጣ። መሠረቱ በ1939 እና በ1940 ወደ 15 ሺህ ከሚጠጉ ሴቶች ገላ ላይ የተወሰደ ልኬት ነበር። ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ልኬት ከስሌቱ ወጥቶ ነበር። ከዚህ የተገኘው አማካይ ገላ በማንም ሴት ላይ የሌለ፣ ሆኖም ሁሉም ሴቶች ሊስማሙበት የሚጠበቅባቸው ገላ ሆነ። መለኪያው በ1983 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ የልብስ ቁጥር የፋብሪካው ፈቃድ እንጂ የመለኪያ ውጤት አልሆነም፤ አንዳንዱ ፋብሪካ ደንበኛውን ለማስደሰት ሰፊውን ወገብ በትንሽ ቁጥር ይጠራዋል። እንግዲህ አንዱ በጽሕፈት ቤት ገላን ሁሉ በአንድ ልክ ለመቍረጥ ሲደክም፣ ሌላው በቤተ ሙከራ ለየገላው የሚታዘዝ ክር እየፈተለ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው አጋጣሚ ነው። ከሁለቱ ግን ለሰው የቀረበው የቱ እንደሆነ ለመናገር ብዙ ማመንታት አያስፈልግም።

ሸማ ለባሽ ሕዝብ ይህን ሁሉ ጣጣ ሲሰማ ቢገረም የሚያስደንቅ አይደለም። ነጠላና ጋቢ ቁጥር የላቸውም። ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ነፍሰ ጡሯም አሮጊቷም አንዱን ጋቢ ይለብሱታል፤ ጨርቁ ሳይለጠጥ፣ ገላውም ሳይጨነቅ። ቅርጹን የሚሰጠው ለባሹ ነው። ባለ ጉዳይ ከሹም ፊት ሲቀርብ ያደገድጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያጣፋል፤ ኀዘን ሲደርስበት ያዘቀዝቃል። አንዱ ይዘት በለባሹ እጅ ብዙ ቅርጽ፣ ብዙም ትርጉም ያገኛል። ቢሆንም ጋቢ ለብሶ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ መሰላል ላይ መውጣት፣ ከአውቶቡስ መውረድ ያስቸግራል። የተቆረጠና የተሰፋ ልብስ የመጣው ለሁለት እጅ ነጻነት ነው፤ ነጻነቱም የልክን ጥያቄ ይዞ መጥቷል።

እንበል አንዲት መምህርት በሱቅ መለኪያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሱሪ ይዛ ቆማለች። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ወገቧ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ትቆማለች፣ በተማሪዎች ደብተር ላይ ታጎነብሳለች፣ ጠመኔ ሲወድቅ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች። የምትከፍለው ገንዘብ ከደመወዟ ላይ ቀላል የማይባል ነው፤ ስትሳሳት የምትሳሳተው ለዓመት ነው። የመጀመሪያው ሱሪ መቶ በመቶ ጥጥ ነው። ሁለተኛው 98 በመቶ ጥጥና 2 በመቶ ኤላስቴን ነው። ሦስተኛው ጥጡ ወደ 70 በመቶ ወርዶ፣ ፖሊስተር ገብቶበት፣ ኤላስቴኑ 4 በመቶ ደርሷል።

ሦስተኛውን ስትለብሰው ወዲያው ይስማማታል፤ መስታወቱም ይህንኑ ይመሰክራል። ችግሩ ይህ ሱሪ ከአንድ ቁጥር በታች የሆነውንም፣ በላይ የሆነውንም ብትለካ እንዲሁ የሚስማማት መሆኑ ነው። ለሁሉም እሺ የሚል ጨርቅ ስለ ልኳ ምንም አይነግራትም። ስለዚህ ከመስታወቱ ዞር ብላ በእጇ መመርመር ይኖርባታል። ከጭኑ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎን ትስባለች፤ 12 ቢደርስ 20 በመቶ ተለጥጧል ማለት ነው። ቁም ነገሩ ግን በመሳቡ ላይ አይደለም፤ ስትለቀው በሚሆነው ላይ ነው። ወዲያው ተሰብስቦ 10 ላይ ከተመለሰ መልካም። ተንከርፍፎ 11 ላይ ከቀረ ግን፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጉልበቱ ያብጣል፣ መቀመጫው ይንዘለዘላል፣ ወገቡንም ስትጎትት ትውላለች። ፖሊስተር በመጠኑ መግባቱ ይህን መመለስ ሊያግዝ ይችላል፤ በሌላ በኩል ጥጡ ሲያንስ ላብ የመምጠጥ ችሎታው ይቀንሳል።

መለጠጥና መላላት በተራ አነጋገር እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ለሥነ ምግባር ጥያቄውም መፍቻው የሚገኘው እነዚህን ሁለቱን ከመለየት ነው። አርስጣጣሊስ በ«ኒቆማኮሳዊ ሥነ ምግባር» አምስተኛ መጽሐፍ ሕግ ሊያያቸው ያልቻላቸውን ጉዳዮች ስለሚያቃና ርትዕ ሲናገር፣ በሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ዘንድ የሚሠራበትን የእርሳስ መለኪያ በምሳሌነት ያቀርባል። ይህ መለኪያ ቀጥ ብሎ የማይቀር፣ እንደ ድንጋዩ ቅርጽ የሚተጣጠፍ ነው። ፈላስፋው ይህን እንደ ድክመት ሳይሆን እንደ ፍትሕ ዓይነት አየው፤ ድንጋዩ ወጣ ገባ ከሆነ ቀጥ ያለው ዘንግ ስለ ድንጋዩ ትክክለኛ ነገር አይናገርምና። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ደረቁን ጨርቅ ብቻ ሐቀኛ የሚያደርገው ክርክር ይላላል። የወለደችን፣ የታመመን፣ ያረጀን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ የሚውልን ገላ አላስገባም የሚል ሱሪ እውነት ተናገረ ለማለት ያስቸግራል፤ የተናገረው የራሱን ልክ ነው።

ይሁን እንጂ የእርሳሱ መለኪያ አንድ ጉድለት አለበት። ታጥፎ ሲያበቃ የመጨረሻውን ድንጋይ ቅርጽ እንደ ያዘ ይቀራል፤ እጅ ካላቃናው አይቃናም። ጥሩ የተለጣጭ ጨርቅ ከእርሳስ የሚሻለው የራሱን ልክ ሳይረሳ ለሌላው ቦታ በመስጠቱ ነው። በሰው ጠባይ ውስጥም እንዲሁ ዓይነት ልዩነት እንዳለ አስተማሪም ሆነ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ለተማሪው ችግር ደንቡን አንድ ቀን የሚያላላ መምህር አለ፤ በማግስቱ ደንቡ በቦታው ይገኛል። ሌላው አንድ ጊዜ ካላላ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ደንብ መኖሩን እሱም ተማሪዎቹም ይረሱታል። ሁለቱም በመጀመሪያው ቀን ደጎች ይባላሉ። ጨርቅም በሱቁ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ሲለካ ሁሉም ደግ ነው።

ደግነቱ ደግሞ ዕድሜ አለው። ኤላስቴን ሙቀትና በረኪና አይወድም። በፈላ ውሃ የታጠበ፣ በጋለ ማድረቂያ የደረቀ ሱሪ ውስጡ ያለው ክር እየተበጣጠሰ፣ ላዩ ደኅና መስሎ ሳለ መመለስ ያቅተዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ገልብጦ አጥቦ፣ ከፀሐይ ንዳድ ጠለል ባለ ቦታ ማስጣት የሚመከረውም ለዚህ ነው። መቶ በመቶ ጥጡ በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ሲቀደድ ይጠገናል፣ አርጅቶም ወደ ክርነት ለመመለስ ይቀለዋል። ጥጥ፣ ፖሊስተርና ኤላስቴን አንድ ላይ የተፈተሉበት ግን እርስ በርሱ መለያየቱ አድካሚ በመሆኑ ዳግም ክር ለመሆን እጅግ ያስቸግራል። የሱሪው ሕይወት በገዢው ቤት የማይጀመርና የማያልቅ መሆኑ የሚታወሰው በዚህ ጊዜ ነው። የሊቫይስ ኩባንያ ራሱ በ2015 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ አንድ ጂንስ ሱሪ ከጥጥ ማሳው እስከ ለባሹ ማጠቢያ ድረስ 3,781 ሊትር ውሃ ይጠይቃል፤ የሚበዛው ለጥጡ ነው።

ስለ ይዘት ሲነገር ደግሞ በመግለጫው ጨርቅ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። ጉልበቱ ነጣ ብሎ፣ ጭኑ ተልጦ፣ የሁለት ዓመት ድካም ያየ መስሎ የሚሸጥ አዲስ ሱሪ የማንንም ሕይወት አልኖረም። ያን መልክ ለመስጠት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ አሸዋን በኃይለኛ አየር ጨርቁ ላይ መርጨት ነበር። በቱርክ በጠባብና አየር በማይገባቸው ክፍሎች ውስጥ ይህን ሥራ የሠሩ ብዙ ወጣቶች ብናኙን እየተነፈሱ ሲሊኮሲስ በተባለው የማይድን የሳንባ በሽታ ተለከፉ፤ ከነሱም የሞቱ አሉ። አገሪቱ ዘዴውን በ2009 ከለከለች። በሌሎች አገሮች ግን ከዚያ በኋላም ሲሠራበት ቆይቷል። ደረቁ ጨርቅ በወራት ልብስ ውስጥ የሚጽፈውን ታሪክ፣ የሌላው ሳንባ በሰዓት ውስጥ ጻፈው ማለት ነው። የሱሪን እውነተኛነትና አስመሳይነት በኤላስቴን መኖርና አለመኖር የሚመዝኑ ሰዎች ሚዛናቸውን ከዚህ ላይ ቢያሳርፉት ይሻላል፤ ሁለት በመቶ የሚለጠጥ ክር ማንንም አላታለለም፤ መግለጫው ላይ ስሙ ተጽፏል።

መምህርቷ ሦስተኛውን ሱሪ ወደ መስቀያው መልሳዋለች። መቶ በመቶ ጥጡን ለብሳ ለመቀመጥ ሞከረች፤ ወገቡ ሆዷን ሲይዛት በግማሽ ተነሣች። ጥቂት እንደሚለቅ ታውቃለች፤ ደረቅ ጨርቅ ሲገዛ ወገቡ ትንሽ ጠበቅ ቢል የማይከፋውም ስለዚህ ነው። የስድስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ግን እስኪለቅ አይጠብቅም። ሁለተኛውን ለብሳ በመለኪያው ክፍል በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ የወደቀ ጠመኔ እንደሚያነሣ ሰው ቁጢጥ አለች፤ ከኋላ ወገቡን በእጇ ዳበሰች፤ ጉልበቱን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ አውልቃ፣ መግለጫውን ገልብጣ የአስተጣጠቡን ምልክት ታነብ ጀመር። ከመጋረጃው ውጭ ባለ ሱቁ ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል።

«እኅቴ፣ ልክሽ አይደለም እንዴ?»

«ልኬ ነው፤ ሲመለስ እያየሁት ነው» አለችው፤ ጨርቁንም አንድ ጊዜ ስባ ለቀቀችው።